ስክሪን ከሌለው ሰርቨር ስለሚከፈት መስኮት

ስክሪንም ኪቦርድም ሳይኖረው በመደርደሪያ ውስጥ ሌትና ቀን በሚሠራ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ የተጫነ ፕሮግራም፣ መስኮቱ ሩቅ አገር በተቀመጠ ሰው ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ በታየ ጊዜ፣ አሠሪውም ሠሪውም ሥራው እንደ ተፈጸመ ቈጥረው ይሰነባበታሉ። ነገር ግን መስኮት መክፈት በመጠኑ የተማረ ሁሉ የሚችለው ስለ ሆነ፣ የአሠራሩን ደኅንነት ለመመዘን የሚሻ ሰው፣ መስመሩ ሲቈረጥ፣ ኢንተርኔቱ ሲዘገይና ያልተፈቀደለት ሰው ሊገባ ሲሞክር የሚሆነውን ሊመረምር ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥዕሉን የሚሥለው የትኛው ማሽን እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቦብ ሻይፍለርና ጂም ጌቲስ የጀመሩት፣ በ1987ም እስከ ዛሬ በምንሠራበት በአሥራ አንደኛው መልኩ የወጣው ኤክስ የተባለው ሥርዓት፣ ስሌቱን ለሩቁ ማሽን፣ ሥዕሉን በተጠቃሚው ፊት ላለው ማሽን የሚያከፋፍል በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ «ይህን መስኮት ክፈት፣ እዚህ ላይ መስመር አስምር» እያለ ትእዛዝ ይልካል እንጂ እርሱ ራሱ ስክሪን አይሻም። ይህን ምሥጢር የተረዳ ባለሙያ ሰርቨሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራሙን፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎችና ኤክስኦዝ የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ለአንዲት መስኮት ሲባል ሙሉ ዴስክቶፕ ከነጌጡ ተጭኖ ባገኘሁ ጊዜ ግን፣ ሠሪው የነገሩን ሥር ሳይመረምር እንደ ጀመረ እረዳለሁ።

የኤክስኦዝ ነገር ወደ ደጃፉ ጥበቃ ይመራናል። በቀደመው ልማድ ትእዛዞቹ ሳይመሠጠሩ በፖርት 6000 በግልጽ ይጓዙ ስለ ነበር በመካከል ያለ ሁሉ ሊያነባቸው ይችል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን የፈጠረው ኤስኤስኤች ግን መስኮቱንም በተመሠጠረው መስመር ውስጥ ስለሚያሳልፈው፣ ዛሬ ያን መንገድ የሚከተል ሰው ምክንያት የለውም። ኤስኤስኤች በሥርዓት የተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ በሰርቨሩ ላይ ዲስፕሌይ የሚባለውን ተለዋዋጭ ብንጠይቀው ሎካልሆስት ብሎ 10.0 የሚል ቍጥር ያስከትላል፤ በኤክስኦዝ መዝገብ ውስጥም 128 ቢት ርዝመት ያለው ምሥጢራዊ ቍጥር ይገኛል። የሚደነቀውም ለሰርቨሩ የተሰጠው ቍጥር ምትክ ብቻ መሆኑና እውነተኛው ከተጠቃሚው ማሽን ፈጽሞ አለመውጣቱ ነው። ስለዚህ ዲስፕሌይን በገዛ እጁ በማስጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ የጻፈ፣ ይባስም ብሎ ኤክስሆስት በሚባለው ትእዛዝ ላይ የመደመር ምልክት ጨምሮ ደጁን ለመጣው ሁሉ የከፈተ ሰው ሥራ፣ መስኮቱ ምንም ያህል ቢያምር ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባውም። ጠንቃቃ ባለሙያ ደግሞ «ትልቁ ኤክስ» እና «ትልቁ ዋይ» የተባሉትን የኤስኤስኤች አማራጮች ለይቶ ያውቃል፤ በሁለተኛው የገባ ፕሮግራም የሌሎቹን መስኮቶች ሊያይ፣ የሚተየበውንም ሁሉ ሊከታተል ይችላልና። ዴቢያን ሁለቱን በመነሻ ቅንብሩ አንድ ስለሚያደርጋቸው፣ የማስተካከያ ፋይሉን አንብቦ የሠራና ሳያነብ የሠራ ሰው በዚህ ይለያሉ።

ስለ ፍጥነት ሲነገር ብዙ ሰው የመስመሩን ስፋት ብቻ ያነሣል፤ መከራው ግን ከርቀቱ የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ሲሠራ፣ አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመለስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅበት፣ መቶ ጥያቄ ተራ በተራ የሚጠይቅ ፕሮግራም 15 ሰከንድ በመጠበቅ ብቻ ያሳልፋል፤ መረጃን ማመቅም ይህን ሊያሳጥረው አይችልም። መድኀኒቱ ሥዕሉ ፕሮግራሙ ባለበት፣ በሰርቨሩ ማስታወሻ ውስጥ በተዘጋጀ ምናባዊ ስክሪን ላይ እንዲሣልና የተዘጋጀው ምስል ብቻ እንዲጓዝ ማድረግ ነው፤ ይህንም ኤክስቪኤፍቢና ኤክስፕራ፣ ወይም ቪኤንሲ ይፈጽሙታል። ቪኤንሲን የመረጠ ሰው ፖርት 5901ን ለዓለም ሁሉ ከፍቶ እንዳይተወው አስጠነቅቃለሁ፤ በጥንቱ አሠራሩ ከይለፍ ቃሉ የሚቈጠሩት የመጀመሪያዎቹ 8 ፊደላት ብቻ ስለ ሆኑ በኤስኤስኤች ዋሻ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

ከምርመራዎች ሁሉ አብዝቼ የምታመንበት ግን መስመሩን ሆን ብሎ መቍረጥ ነው። ረዥም ስሌት አስጀምሩ፤ የሂደቱ አሞሌ ከመቶ 40 ላይ በደረሰ ጊዜ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ፤ ጥቂት ቈይታችሁ ተመለሱ። በኤስኤስኤች ብቻ የመጣ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሞታል፣ ያልተቀመጠውንም ሥራ ይዞት ይሄዳል፤ በኤክስፕራ የተዘጋጀው ግን እንደ ገና ሲጠራ፣ አሞሌው 70ን አልፎ፣ ግማሽ የተጻፈው ቃልም ጠቋሚው በቆመበት ስፍራ ሳለ ተመልሶ ይመጣል። መብራትና ኢንተርኔት በሚቈራረጡበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህን ያላሰበለት ባለሙያ፣ ሥራውን ለማን እንደ ሠራው አላሰበም ማለት ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ሌላ ምርመራ አለበት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስፍራውን ቢያገኝም፣ በትንሹ የተጫነ ሰርቨር ብዙውን ጊዜ የግእዝ ፎንት የለውም፤ የዛሬ ፕሮግራሞችም ከመስመርና ከቀለም በተለየ ሁኔታ ፊደላቸውን በራሳቸው ወገን ካለው ፎንት አዘጋጅተው ስለሚልኩ፣ የተጠቃሚው ላፕቶፕ በግእዝ ፎንት የተሞላ ቢሆን እንኳ «ጐንደር» የሚለው ስም አራት ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። መልካም ባለሙያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ሰርቨሩ ላይ ይጭናል፤ ኤፍሲ-ሊስት በሚባለው ትእዛዝም አማርኛን የሚችሉትን ፎንቶች አስቈጥሮ ያረጋግጣል። ማንም ሳያይ በሌሊት ደብዳቤና የምስክር ወረቀት እያዘጋጀ በፒዲኤፍ በሚያስቀምጥ ሰርቨር ላይ ሣጥኖቹን የሚያይ ዐይን ስለሌለ፣ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት «ቍ»፣ «ጐ»፣ «ኋ»ን፣ አራት ነጥብንና ድርብ ሰረዝን የያዘ አንድ ገጽ በዚያው በሌሊቱ መንገድ አሠርታችሁ፣ በወረቀት ላይ አሳትማችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት።