«ማራዘም» እና «ማደስ»፦ ስለ ዘመን ይዞታ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

በእንግሊዝና በዌልስ አፓርታማ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው መብት በዘመን የተወሰነ ነው። ሕንፃውና መሬቱ የሌላ ባለቤት ንብረት እንደሆኑ፣ ገዢው ቤቱን ለ99፣ ለ125 ወይም ለ999 ዓመት ይይዛል፤ በዚሁ ዘመን ውስጥም ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ በመያዣነት ይሰጠዋል። ቀሪው ዘመን ባጠረ ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ባንኮችም በመያዣነት ለመቀበል ያመነታሉ። ስለዚህ ባለይዞታው ለበላዩ ባለቤት ዋጋ ከፍሎ ዘመኑን ያስጨምራል። ይህን ጉዳይ በዚያ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚተረጉም ሰው በቅድሚያ የሚያስባቸው አቻ ቃላት ጉዳዩን ምን ያህል እንደሚገልጹ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የመጀመሪያው «ኪራይ» ነው። ቃሉ ለቋንቋው ነባር፣ ለጆሮም የቀለለ ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ተከራይ» የተባለ ሰው የሚሸጠውና ለልጆቹ የሚያወርሰው ቤት እንዳለው አያስብም። «የኪራይ ውል ማራዘም» ሲባልም ከአከራይ ጋር ለተጨማሪ ዓመት መስማማት እንጂ የንብረትን ዋጋ መጠበቅ አይታሰብም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚገኘው «አላባ» ይቀርባል ቢባል እንኳ፣ አላባ በባለመብቱ ሞት ይቀራል፤ እዚህ ግን መብቱ ለወራሽ ይተላለፋል።

ሁለተኛው «ሊዝ» ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ ስለሆነ ከስሕተት የሚያድን ይመስላል፤ አደጋው ግን ከዚሁ ይመነጫል። ቃሉ ከአዋጅ ቁጥር 80/1986 ወዲህ በአማርኛ ተለምዶ የራሱን ይዘት አግኝቷል። «ሊዝ» ሲባል የአገራችን ሰው የሚያስታውሰው ጨረታን፣ የከተማ አስተዳደርንና የይዞታ ካርታን ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የባለይዞታው ነው። በእንግሊዝ አገር የበላዩ ባለቤት ግለሰብ ወይም ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ በዘመን የተወሰነውም መሬቱ ብቻ ሳይሆን አፓርታማው ራሱ ነው። ስለሆነም ድምፁ አንድ ሆኖ ነገሩ ይለያያል።

ከሁሉም የከፋው «የሊዝ እድሳት» የሚለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 እድሳት የተነገረው የሊዝ ዘመን ሲያበቃ ለሚሆነው ነው። «ማደስ» ያለቀን ወይም ያረጀን ነገር ይመለከታልና አንባቢው «ሲያልቅ ይታደሳል» ብሎ ቢቀመጥ አይፈረድበትም። የእንግሊዙ ሕግ ግን የሚናገረው ገና በመቆጠር ላይ ስላለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ የአፓርታማ ባለይዞታ በቀሪው ዘመኑ ላይ 90 ዓመት እንዲጨመርለት የመጠየቅ መብት ሰጠ፤ 70 ዓመት የቀረው 160 ዓመት ያገኛል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሕግ ደግሞ ቀሪው ዘመን ከ80 ዓመት በታች ሲሆን፣ በማራዘሙ ምክንያት የሚገኘው የዋጋ ጭማሪ ግማሹ ለበላዩ ባለቤት እንዲከፈል አደረገ። እንዲህ ባለ ወሰን ላይ አንድ ዓመት መዘግየት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ያልገባው አንባቢ ይጠይቃል፤ የገባው የመሰለው ግን አይጠይቅም።

እርግጥ ነው፣ ሕጉ ራሱ በአሮጌው ውል ምትክ አዲስ ውል ይሰጣል ስለሚል «ማደስ» ትክክል ነው የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን አዲስነቱ የሰነዱ ነው፤ ለባለይዞታው የሚደርሰው ውጤት የዘመን መጨመር ነው። ስያሜውም ውጤቱን ሊከተል ይገባል።

የተቀሩት ስያሜዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ከላይ የተጠቀሰው የዋጋ ጭማሪ በእንግሊዝኛ በጋብቻ ተመስሎ ይጠራል፤ በቀጥታ «የጋብቻ ዋጋ» ቢባል አንባቢው ጥሎሽ ወይም ማጫ ይመስለዋል። የሁለት መብቶች መገናኘት ያስገኘው ስለሆነ «የጥምረት ጭማሪ ዋጋ» ቢባል ይሻላል። ለማራዘሙ የሚከፈለው ዋጋም «አረቦን» ሊባል አይገባውም፤ ይህ ቃል በመድን ሥራ ተይዟል። «የቁንዶ በርበሬ ኪራይ» የሚለው ቀጥተኛ ትርጉም ደግሞ ያስቃል እንጂ አያስረዳም፤ «ስመ ኪራይ» ይበቃዋል።

እንግዲህ «ባለዘመን ይዞታ»፣ ለአንጻሩ «ዘመን የለሽ ባለቤትነት»፣ ለድርጊቱም «ዘመን ማራዘም» የሚሉትን እናቀርባለን። ለአንጻሩ «ርስት» ያልመረጥነው ቃሉ የዘርና የአጥንት ጥያቄን ስለሚያስከትል ነው፤ የእንግሊዙ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነው። ስያሜዎቹ አዲስ ስለሆኑ በመጀመሪያ ሲገቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊብራሩ፣ «ሊዝሆልድ» የሚለውም አጠገባቸው ሊጻፍ ይገባል፤ አንባቢው በውሉ ላይ የሚያገኘው ይህንኑ ነውና።

ሕግ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ የሚጨመረው ዘመን 990 ዓመት እንዲሆን፣ የጥምረት ጭማሪውም እንዲቀር ደንግጓል፤ እነዚህ ድንጋጌዎች ግን ሕጉ በጸደቀበት ዕለት ሥራ ላይ አልዋሉም። ቁጥሩ ቢለወጥም «ማራዘም»ና «ማደስ» ተለይተው ከተቀመጡ፣ ትርጉሙ ከነቁጥሩ አይፈርስም።