ደብዳቤው ባይጠፋ ኖሮስ?

ለዚህች መጽሔታችን ከሚደርሱን አጫጭር ልብ ወለዶች አንድ ዓይነቱ በዝቶብናል። ዲላ ውስጥ አጥር ለአጥር ያደጉ ልጅና ልጅት፣ ነፍስ ለነፍስ የሚዋደዱ ባልንጀሮች ናቸው። እናቶቻቸው ካልተጠራሩ ቡና አይጠጡም፤ አባቶቻቸው የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ይጣላሉ፤ ዓመታት ያልፋሉ፤ በሰው ሠርግ ላይ ይገናኛሉ፤ ይታረቃሉ፤ ጓደኝነቱም ወደ ፍቅር ይለወጣል። እልልታ፣ ተፈጸመ። አንብበን እንደሰታለን፤ መደሰታችንን አንክድም። ግን ደስታው ዶርም እስክንደርስ እንኳ አይቆይም። ለምን?

ከእነዚህ ታሪኮች እጅ ለእጅ ሲዞር የከረመውን አንዱን እንውሰድ። ጸሐፊው የጓዳውን ነገር ያውቃል። ኮባው ላይ የሚወርደው የዝናብ ድምፅ፣ እሸት ቡና ለቀማ ሲደርስ የሁለቱ ቤት ልጆች በአንድ ቅርጫት መልቀማቸው፣ አቦል ላይ ተጀምሮ በረካ ላይ የሚያልቀው የእናቶች ጨዋታ፣ ሁሉም እጃችንን ይዞ ሠፈራችን ይመልሰናል። ይህን ሳናመሰግን አናልፍም።

ችግሩ ጠቡ ላይ ነው። ሁለቱን የለያያቸው ምንድን ነው? አንድ ደብዳቤ ጠፋ! በቃ። ደብዳቤው ባይጠፋ ኖሮስ? ታሪኩም አልነበረም ማለት ነው። በጠፋ ደብዳቤ የተጀመረ ጠብ ደብዳቤው ሲገኝ ያልቃል። ይቅር የሚባባሉበት ነገር የላቸውም፤ ማንም ማንንም አልበደለማ!

የሌሎችን እንይ። እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን በሞተችበት በ1817 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በታተመው «ፐርስዌዥን» ልብ ወለዷ አን ኤሊየትን ከዌንትወርዝ የምትለያያቸው በአጋጣሚ አይደለም። አን የሟች እናቷን ወዳጅ ምክር ሰምታ፣ በገዛ አፏ ቃል ኪዳኑን አፍርሳ ነው። ስምንት ዓመት የቆየው ቁስል ባለቤት አለው፤ ስለዚህ እርቁ ዋጋ አለው። በእኛው አገር ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንደገና ሲገናኙ ጊዜው አልፏል፤ እሱ ሊሞት ነው። እነሱንም የለያያቸው የዘር ኩራትና የባላባት ሥርዓት እንጂ የፖስታ ቤት ስሕተት አይደለም።

ታዲያ እኛ ዲላ ቁጭ ብለን ሰው የሚለያይ ነገር አጣን? ጌዴኦና ጉጂ ጎረቤት ናቸው፤ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፣ አንድ ገበያ ውለዋል። በ2010 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ስንቱ አብሮ አደግ ከአብሮ አደጉ ተለያየ! ከዓመታት በኋላ የተገናኙ ሁለት ባልንጀሮች አንዱ «ያን ለት የት ነበርሽ?» ሲል፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለችው ዝምታ ከመቶ የጠፋ ደብዳቤ ትበልጣለች።

«ያየነው ይበቃናል፤ እስቲ ፍቅር እናንብብበት» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እንረዳቸዋለን። ቁስል ይነካካ፣ አንዱ ወገን ይወቀስ አላልንም። መልካም ፍጻሜም አንጠላም። የምንለው፣ ፍጻሜው ይሠራበት ነው። ያገራችን ወግ ራሱ ይህን ያስተምራል። ሶንጎ ላይ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ነገሩ ይወጣል፣ ይዘረዘራል፤ ያጠፋው ጥፋቱን ያምናል። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲቃቡ የሚታረቁበት ጎንዶሮም የሁለት ግለሰቦች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወገን ከወገን የሚታረቅበት ነው። በሠርግ ቤት አንድ ዘፈን ተጨፍሮ የሚያልቅ እርቅ የት አገር ነው ያለው?

እዚህ ላይ ነው ቤተሰቡ የሚያስፈልገው። በያዝነው ታሪክ ውስጥ ግን ቤተሰቦቹ የመጡት እልል ለማለት ብቻ ነው። ልጆቹ በተኳረፉባቸው ዓመታት እናቶቹ ቡና ተጠራርተው ጠጡ ወይስ አልጠጡም? አባቶቹ ለቅሶ ላይ አንድ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ ምን ተባባሉ? ጸሐፊው አይነግረንም። እኛ ልናነብ የፈለግነው ግን እሱን ነበር።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ያስመረጠው አንዱ ነገር ዛፉ፣ እንሰቱና ቡናው በአንድ ማሳ ተጠጋግተው መኖራቸው ነው። የተተከለ ቡና እስኪያፈራ ዓመታት ይፈልጋል። ያገራችን ገበሬ ይህን ይታገሣል፤ ጸሐፊያችንም ይታገሥ። ደብዳቤውን ያውጣው፣ እናቶቹን ያስገባቸው። ሁለተኛ ዕድል ለታሪኩም ይገባዋል፤ እንደገና ጽፎ ያምጣውና እናነባለን።