ጎዶን የሚጠብቁትና የኤማሁስ መንገደኞች

የገና ድራማ ሠርታችሁ የምታውቁ ከሆነ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። መጋረጃው ሲከፈት መልአኩ ይገባል፣ ማርያም ትደነግጣለች፣ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ ይጠፋል፣ እረኞች እየሮጡ ይመጣሉ፣ መዘምራን ይነሣሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። እኔም እንዲህ ያለውን ድራማ ከአንዴም ሁለቴ ጽፌአለሁና አሁን የምሰነዝረው ትችት በመጀመሪያ የሚያገኘው እኔኑ ነው። በድራማዎቻችን ውስጥ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል።

ከገና በፊት ያሉትን አራት እሑዶች የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት «አድቬንት» ይሏቸዋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ መምጣት፣ መድረስ ማለት ነው። ኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምረው እስከ ገና ዋዜማ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ፤ በጾሙ ስም ውስጥ ሳያዩ የጠበቁት ሰዎች አሉ። እኛ አብዛኞቻችን ግን በቀጥታ ወደ መዝሙር ልምምድ እንገባለን። «ምጽአት» የሚለውን ቃል ለዳግም ምጽአቱ ብቻ አስቀምጠነዋል። ባለፈው ዓመት ከወጣቶች ቡድናችን ጋር ስለ መጠበቅ መነጋገር ስፈልግ ይዤ የመጣሁት በቤተ ክርስቲያን እምብዛም የማይነሣ ተውኔት ነበር፤ የሳሙኤል ቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ»። ሽማግሌዎች ለምን እንዳነበብነው ጠይቀውኛል። ይህ ጽሑፍ በከፊል ለእነርሱ የምሰጠው መልስ ነው።

ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1906 በደብሊን አቅራቢያ ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የተወለደ አየርላንዳዊ ነው። ተውኔቱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፈረንሳይኛ ጻፈው፤ መጀመሪያ የታየውም በጥር 1953 ፓሪስ ውስጥ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን የሚባሉ ሁለት ጎስቋላ ሰዎች በገጠር መንገድ ዳር፣ ቅጠል አልባ በሆነ አንድ ዛፍ አጠገብ፣ ምሽት ላይ ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። ጎዶ አይመጣም። በሁለተኛው ገቢር ይኸው ይደገማል፤ ዛፉ ጥቂት ቅጠሎች አብቅሏል።

በመካከሉ ምን ይሠራሉ? ከጫማ ጋር ይታገላሉ፣ ባርኔጣ ይለዋወጣሉ፣ ካሮት ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ጊዜው እንዲያልፍላቸው ያወራሉ። ስታነቡት ልትሰለቹ ትችላላችሁ፤ እኛም ሰልችቶን ነበር። መሰልቸቱ ግን የተውኔቱ ጉድለት አይደለም። ቤኬት መጠበቅን አይተርክልንም፤ ያስጠብቀናል። በኅዳር 1957 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ክዌንቲን በተባለው እስር ቤት 1,400 በሚያህሉ እስረኞች ፊት ሲታይ፣ ብዙ የተማሩ ተመልካቾችን ግራ ያጋባው ይህ ሥራ ለእስረኞቹ እንግዳ አልሆነባቸውም። ቀን መቁጠር ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አላስፈለጋቸውም። በእኛም ቡድን ቶሎ የገባቸው ንባብ የሚያዘወትሩት ልጆች አልነበሩም። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሞልቶት አሁንም የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚዞር አንድ ወንድም ነበር ቀድሞ የሳቀው።

«ጎዶ» የሚለውን ስም ሰምቶ የእንግሊዝኛውን «ጎድ» የማያስታውስ የለም። ከመካከላችን አንዱ ወዲያው «እንግዲህ እግዚአብሔር አይመጣም ነው የሚለን» ብሎ መጽሐፉን ዘጋው። ፍርዱ ቸኩሏል። በፈረንሳይኛ የእግዚአብሔር መጠሪያ ከዚህ ስም ጋር በድምፅ አይገናኝም፤ ደራሲውም ይህን ትርጉም አልተቀበለውም። ጎዶ ማን ነው የሚለውን ትታችሁ ሁለቱ ሰዎች ስለ እርሱ ምን ያውቃሉ ብላችሁ ብትጠይቁ ተውኔቱ ይከፈትላችኋል። የቀጠሮው ቀን ዛሬ መሆኑን እርግጠኞች አይደሉም። ዛፉም ያ የተባለው ዛፍ መሆኑን ይጠራጠራሉ። ምን እንደለመኑት ሲጠያየቁ ጸሎት የሚመስል፣ ግን ያልጠራ ነገር እንደነበር ያስታውሳሉ። እርሱም ምንም ቃል አልገባላቸውም፤ አስብበታለሁ ነው ያላቸው። ቀጠሮ አላቸው፤ የተስፋ ቃል ግን የላቸውም።

በየገቢሩ መጨረሻ አንድ ልጅ ይመጣል። አቶ ጎዶ ዛሬ እንደማይመጣ፣ ነገ ግን በእርግጥ እንደሚመጣ ይነግራቸዋል። በሁለተኛው ቀን የመጣው ልጅ ትናንት መምጣቱን አያውቅም፤ አይቷቸውም እንደማያውቅ ይናገራል። እዚህ ላይ ስንደርስ አንዲት እህት «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች። ሳቅን። እርሷ ግን አልሳቀችም። ሦስት ዓመት በተከታታይ በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሌሊት ፕሮግራም ላይ «ይህ ዓመት ያንቺ ነው» የሚል ቃል እንደተነገራት ነገረችን። ቃሉን ያመጡት ሰዎች ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ ካለፈው ዓመት የተነገራትን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልንም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሉቃስን ይዘን ተመለስን።

ሉቃስን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ቤኬት ነው የሰጠን። ገና በተውኔቱ መጀመሪያ ላይ ቭላዲሚር ከጌታ ጋር ስለተሰቀሉት ሁለት ወንበዴዎች ያነሣል። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ብቻ ነው ከሁለቱ አንዱ እንደዳነ የሚናገረው፤ ለምን እርሱን ብቻ እናምናለን? ብሎ ይጨነቃል። ያ አንዱ ሉቃስ ነው። (ቭላዲሚር ቆጠራው ላይ ይሳሳታል። ሌሎቹ ሁለቱ ስለ ወንበዴዎቹ ምንም አይሉም ይላል፤ ማቴዎስና ማርቆስ ግን ሁለቱም ጌታን እንደነቀፉት ጽፈዋል፤ ዮሐንስም አብረውት የተሰቀሉትን ሁለት ሰዎች ይጠቅሳል። የቃል ጥናት መሪ ስሆን እንዲህ ያለውን ማለፍ ይከብደኛል።) ጓደኛው ኤስትራጎን ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሚያስታውሰው በቀለም የተሠሩትን የቅድስት ሀገር ካርታዎች ብቻ ነው። ስብከት እየተሰበከ የመጽሐፍ ቅዱሳችሁን የመጨረሻ ገጾች ስትመለከቱ ከነበራችሁ ኤስትራጎን ዘመዳችሁ ነው።

ሉቃስ ወንጌሉን የሚከፍተው በሚጠብቁ ሰዎች ነው። ከነቢዩ ሚልክያስ ወዲህ ወደ 400 ዓመት ገደማ አልፏል። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ልጅ የላቸውም። መልአኩ ጸሎትህ ተሰማ ሲለው ዘካርያስ ማመን ያቅተዋል። እኔ ይህን ሳነብ፣ ያን ጸሎት መጸለይ ካቆመ ብዙ ዓመት ያለፈው ሰው ይመስለኛል። ዲዳ ሆኖ ከቤተ መቅደስ ይወጣል። በቤኬትም ተውኔት በሁለተኛው ገቢር ዲዳ የሆነ ሰው አለ፤ ላኪ የሚባለው አገልጋይ። ላኪ ለምን ዲዳ እንደሆነ ማንም አይነግረንም፤ አፉም አይከፈትም። የዘካርያስ ዝምታ ግን መጨረሻ አለው፤ ሕፃኑ ዮሐንስ ተብሎ ሲሰየም ይናገራል።

ከዚያ ስምዖን ይመጣል። በሥዕልም በድራማም ሁልጊዜ ነጭ ጢም እናደርግለታለን። ሉቃስ ግን ዕድሜውን አልጻፈም። የጻፈው ሁለት ነገር ነው፤ የእስራኤልን መጽናናት ይጠብቅ እንደነበር፣ የጌታንም ክርስቶስ ሳያይ እንደማይሞት በመንፈስ ቅዱስ ተነግሮት እንደነበር። ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል። መቼ እንደሆነ አያውቅም። ከጎዶ ጠባቂዎች ጋር ስታስተያዩት ነገሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፤ ስምዖን የተስፋ ቃል አለው፣ ቀጠሮ ግን የለውም። ለእህታችን ሦስት ጊዜ የተሰጣትስ ምን ነበር? ዓመቱ ተነግሯታል። በዓመቱ ውስጥ የሚመጣው ምን እንደሆነ የነገራት የለም።

ሉቃስ ለስምዖን የተጠቀመበትን የግሪክኛ ግስ ሐና ለምታናግራቸው ሰዎች ይደግመዋል (2፥38)፤ በመጽሐፉ መጨረሻም ለአርማትያሱ ዮሴፍ ይጠቀምበታል (23፥51)። ዮሴፍም የእግዚአብሔርን መንግሥት ይጠብቅ ነበር። ሁለቱን ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ስምዖን ሕፃኑን በክንዱ ታቀፈው። ዮሴፍ ሬሳውን ከመስቀል አወረደው። ማርያም በጨርቅ የጠቀለለችውን ዮሴፍ በተልባ እግር ልብስ ከፈነው። ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ ለእናቱ ሰይፍ በነፍሷ እንደሚያልፍ የነገራት በዚያው የደስታ ቀን ነው። በገና ድራማችን ይህን ንግግር ቆርጬ ያወጣሁት ፕሮግራሙን ያበላሻል ብዬ ነበር።

ሉቃስ ከዚህም ይሄዳል። በምዕራፍ 24 ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ናቸው። ወደ ማደሪያቸው ሲቀርቡ ቀኑ መሽቷል። እንግዳ ሰው ተቀላቅሏቸዋል። ሁለት ሰዎች፣ መንገድ፣ ምሽት፤ የቤኬት መድረክ ይኸው ነው፣ ዛፉ ብቻ ይጎድላል። ቤኬት ኤማሁስን አስቦ ጻፈ ማለቴ አይደለም፤ ጎን ለጎን ስታነቧቸው ግን አንዱ ሌላውን ያበራዋል። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን ፖዞ የሚባል መንገደኛ ሲመጣባቸው ጎዶ መሰላቸው፤ አልነበረም። ቀለዮጳና ጓደኛው የመጣውን ሰው እንግዳ አደረጉት፤ የጠበቁት እርሱ ነበር። ስለ ተስፋቸው ሲነግሩትም በኃላፊ ጊዜ ነው የሚናገሩት። ተስፋ ነበራቸው። አሁን ከኢየሩሳሌም እየወጡ ነው።

እዚህ ላይ ነው ቡድናችን የተከራከረው። ከአራቱ ሰዎች በትክክል የጠበቁት እነማን ናቸው? መልሱ አይመቸንም። ቭላዲሚርና ኤስትራጎን ናቸው! እንሂድ ተባብለው እንኳ ከቦታቸው አይነቃነቁም። የኤማሁሶቹ ትተው ሄደዋል። እኛ ስለ ትዕግሥት ስንሰብክ ብዙ ጊዜ «በደንብ ከጠበቅህ ታገኛለህ» እንላለን፤ ያላገኘ ሰው ደግሞ በደንብ አልጠበቀም ማለት ይሆናል። የሥራ ማስታወቂያ የሚዞረውን ወንድም በዚህ ስብከት ስንት ጊዜ እንደወቀስነው አላውቅም። ሉቃስ ግን ይህን እንድንል አይፈቅድልንም። ጌታ የሄደው ትተው ወደሚሄዱት ነው፤ በሄዱበት መንገድ አብሯቸው ሄደ። የወቅቱ ስም «መምጣት» የተባለው ስለዚህ ይመስለኛል። ስሙ የተወሰደው ከጠባቂው ጽናት አይደለም።

ከቤኬት የምለይበት ቦታም ይህ ነው፤ ያነበብኩትም ባነበው የምጸጸትበት ሆኖ አይደለም። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ከእኛ መዝሙሮች ከብዙዎቹ ይልቅ በእውነት ይናገራል። ግን በተውኔቱ ውስጥ ሁለቱ ጠባቂዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ። በሁለቱም ምሽት የሚመጣላቸው ልጅ ነው። እነርሱም ስለ ሌላ ሰው ይጠይቁታል፤ ቭላዲሚር የጎዶን ጢም ጠይቆ ነጭ እንደሆነ ይነገረዋል። ስምዖንም በቤተ መቅደስ የመጣለት ልጅ ነበር፤ የአርባ ቀን ያህል ሕፃን፣ በድሆች መሥዋዕት የመጡ ወላጆች የያዙት። ስለ ሌላ ሰው አልጠየቀም።

እህታችን በመጨረሻ «ታዲያ የተነገረኝን ልተወው?» አለችኝ። ስምዖን ክርስቶስን እንደሚያይ ነው ቃል የተገባለት፤ ሮማውያን በማግሥቱም በኢየሩሳሌም ነበሩ አልኳት። የምትፈልጊውን ነገር ከእግዚአብሔር መለመን አታቁሚ፤ ሰው የቆረጠልሽን ዓመት ግን የእግዚአብሔር ቃል ኪዳን አታድርጊው። መልሱ አላስደሰታትም፤ እንዳስደሰታት አድርጌ አልጽፍም። ሉቃስን ግን ይዛው ሄደች።

የዘንድሮውን ድራማ የምትጽፉ ከሆናችሁ፣ መልአኩን ከማስገባታችሁ በፊት መድረኩ ላይ ዘካርያስን ብቻውን ትንሽ አቆዩት። ተመልካቹ ይቁነጥነጥ፣ አንድ ሰው ያስል፣ መጋረጃ የሚጎትተው ልጅ የተረሳ ይምሰለው። የስምዖንን ንግግር ከነሰይፉ መልሱት። እርሱ ከወጣ በኋላም ቶሎ ወደ መዝሙር አትሂዱ፤ ሐና ገና መድረኩ ላይ አለች፤ ቤዛነትን ለሚጠብቁት ሁሉ ስለ ሕፃኑ እየነገረች ነው።