የሐከም ውሳኔ በቃዲ ፊት፦ በንብረት ክርክር የግልግል ፍርድን ስለማጽደቅ

በንብረት የተካሰሱ ሁለት ወገኖች ወደው የመረጡት ሐከም ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ጉዳዩ ወደ ቃዲ ሲቀርብ፣ ቃዲው የሚመረምረው ምኑን ነው? የፍርዱን ትክክለኛነት ነው ወይስ ሐከሙ በተሰጠው ሥልጣን ልክ መሥራቱን? በመድረሳዎቻችን የተህኪም ምዕራፍ ሲቀራ ይህ ጥያቄ ባጭሩ ይታለፋል። በመስጊድ ግቢ ተጽፎ ፍርድ ቤት የደረሰ ወረቀት ውድቅ ሲደረግ ግን ነገሩ የሚመለሰው ወደዚሁ ጥያቄ ነው።

የተህኪም መሠረት ጽኑ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 35ኛው አንቀጽ በባልና በሚስት መካከል አለመግባባት ሲፈራ ከሁለቱም ቤተሰብ ሐከም እንዲላክ ያዛል። ኸሊፋው ዑመርም (ረ.ዐ) ከኡበይ ኢብኑ ከዕብ ጋር በንብረት በተከራከሩ ጊዜ ሁለቱም ዘይድ ኢብኑ ሣቢት ዘንድ ሄደው እንደተዳኙ ተዘግቧል። የሊቃውንቱ ልዩነት የሚጀምረው ከፍርዱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በዑስማኒያ መንግሥት የተዘጋጀው መጀላ በ1841ኛው አንቀጽ፣ የሰዎችን መብት በሚመለከት የንብረት ክርክር ተህኪምን ይፈቅዳል። በ1849ኛው አንቀጽ ደግሞ ውሳኔው ሱልጣኑ ለሾመው ቃዲ ሲቀርብ፣ ከኡሱል ጋር የተስማማ ከሆነ እንዲያጸድቀው፣ ካልተስማማ እንዲሽረው ይደነግጋል። የአንቀጹ ድክመት «ኡሱል» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቃሏ የዳኝነቱን ሥነ ሥርዓት ብቻ የምትመለከት ከሆነ የቃዲው ሥራ ጠባብ ነው፤ የሕጉን ይዘት ሁሉ የምትጠቀልል ከሆነ ግን ያለቀው ክርክር እንደገና ይጀመራል። የቀደሙት የሐነፊ ሊቃውንት አቋማቸውን በግልጽ አስቀምጠዋል። የሐከሙ ፍርድ ከቃዲው መዝሀብ ጋር ከገጠመ ይጸናል፤ ካልገጠመ ይሻራል። ምክንያታቸውም ተህኪም የሁለት ሰዎች ውል ስለሆነ ውሉ ውስጥ ያልገባውን ቃዲ አያስርም የሚል ነው።

ኢብኑ ቁዳማ በአል-ሙግኒ ይህን አልተቀበሉም። በእርሳቸው ዘንድ የሐከሙ ፍርድ ትክክለኛና አስገዳጅ ፍርድ ስለሆነ የተሾመ ቃዲ ፍርድ በማይሻርበት ምክንያት አይሻርም። ኢማም ነወዊም በሚንሃጅ ሁለት ነጥቦችን አጣምረዋል። የሐከሙ ፍርድ የሚጸናው በዳኝነቱ በተስማማው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ግን በጎላው አስተያየት መሠረት ዳግመኛ ስምምነት አያስፈልግም።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? የሐነፊዎቹ መንገድ የተህኪምን ጥቅም ይቀንሳል። በፍርዱ የተረታ ሁሉ የተለየ አስተያየት ያለው ቃዲ ፍለጋ እንዲሄድ በር ይከፍታልና። ስጋታቸው ግን ከንቱ አይደለም፤ በሽማግሌ ፊት የሌለ ሰው መብት በሽማግሌ እጅ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ስጋት ተገቢው መልስ የሚገኘው በነወዊ የመጀመሪያ ነጥብ ውስጥ ነው። ቃዲው ፍርዱን እንደገና አይፍረድ፤ ፍርዱ የነካቸው ሰዎች ሁሉ ተስማምተው እንደሆነ ግን ይመርምር። ሩቅ ያለች እህት፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ፣ ሳትጠየቅ የተፈረመላት መበለት ከተገኙ ውሳኔው በእነርሱ ላይ ኃይል የለውም።

ይህ በአገራችን ሕግ ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በመርሕ ደረጃ ለኢብኑ ቁዳማ አቋም ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን የሚሽረው የስምምነቱ ጉድለት፣ የመሰማት መብት መጣስ፣ ከሥልጣን ማለፍና እነዚህን የመሳሰሉ ምክንያቶች ሲኖሩ ነው። ሆኖም በ7ኛው አንቀጽ የውርስ ጉዳዮችንና ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳዮችን ሁሉ ከግልግል ዳኝነት ያስወጣል። ኢማሞች ዘወትር የሚጠየቁት ደግሞ በእነዚሁ በሁለቱ ነው። የቤት ክርክር እንኳ ብዙ ጊዜ የይዞታን ጥያቄ አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ «የሽማግሌዎች ውሳኔ» ተብሎ የተጻፈ የውርስ ክፍፍል፣ በፊቅህ ሚዛን የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ እንደ ግልግል ፍርድ ይጽደቅ ማለት አይቻልም።

አዋጁም ከሒስ አያመልጥም። በአካለ መጠን የደረሱ ወራሾች ሁሉ ተስማምተው የሚያቀርቡትን የንብረት ክፍፍል ክርክርና የወራሽነት ጥያቄን ሳይለይ ሁለቱንም በአንድ ቃል አግዷል። ቢሆንም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ከሰጡ የሙስሊም ውርስ፣ ስጦታና ወቅፍ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል። ከዚህም ሌላ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ የሚያውቀው፣ ክርክርን በስምምነት የመጨረስ ውል አለ። ይህ በፊቅህ ሱልህ የምንለውን ይመስላል፤ በ3312ኛው ቁጥር መሠረትም በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ከሆነ ግን ለእንዲህ ያለ ውል ሕጉ የሚጠይቀውን የጽሑፍና የምዝገባ ሥርዓት ማሟላት አለበት።

ተህኪምና ሱልህ በኪታቦቻችን የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው። ሐከም ይፈርዳል፤ በሱልህ ግን ባለመብቶቹ ራሳቸው ከመብታቸው ይተዋሉ። መጀላም በ1850ኛው አንቀጽ ተከራካሪዎቹ ሐከሙን እንዲያስታርቅ በተለይ ሊወክሉት እንደሚችሉ በመደንገግ ልዩነቱን ጠብቋል። በእኛ ወረቀቶች ላይ ግን ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ «ተስማሙ» በሚል ቃል ተጀምሮ «ተፈረደባቸው» በሚል ያልቃል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ዳኛው እንደ ውል እንዳይቀበለው ፍርድ ይመስላል፤ እንደ ፍርድ እንዳያጸድቀው ሥልጣን ያልተሰጠበት ነው። በየቲም ገንዘብ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል። ቁርኣን በመልካም መንገድ ካልሆነ በቀር እንዳንቀርበው የከለከለውን ገንዘብ አሳዳጊው በሱልህ ስም ሊተወው አይችልም።

ማጽደቅ ራሱም ወሰን አለው። በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደ ሰው በሰሙት እንደሚፈርዱ፣ በፍርዳቸው የወንድሙን መብት የወሰደም የእሳት ቁራጭ እንደወሰደ አስጠንቅቀዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ ተከራካሪዎቹ ማስረጃው በጠፋ ውርስ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ አልቅሰው እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ለሌላው ተዉ፤ ነቢዩም እውነቱን ፈልገው እንዲካፈሉ፣ ዕጣ እንዲጣጣሉና ይቅር እንዲባባሉ አዘዟቸው። የቃዲም ማህተም ቢሆን ሐራምን ሐላል አያደርግም።

እንግዲህ መምህራን የተህኪምን ምዕራፍ ከሱልህ ምዕራፍና ከአገሩ ሕግ ጋር አጣምረው ሊያስተምሩ ይገባል። ኢማሞችም ብዕር ከማንሳታቸው በፊት አራት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ጉዳዩ ለግልግል የተፈቀደ ነውን? መብቱ የሚነካ ሰው ሁሉ ተገኝቷልን? የምንጽፈው ፍርድ ነው ወይስ ዕርቅ? ሁለቱም ወገኖች መሰማታቸውና ምክንያታችን በጽሑፉ ይታያልን? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይም ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መምራት የሽማግሌው አማና ነው።