እትብት የመሰከረውን ፊልሙ አላየውም

በጠባብ የጃፓን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በክንዶቿ ደግፋ ቁልቁል ትመለከታታለች። ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እጆቿ ተኮማትረው ቀርተዋል፣ እግሮቿ ሰልለዋል፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ አቅንተዋል። በሽታው ያገኛት ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች ነው። አሜሪካዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ ዩጂን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በደቡብ ጃፓን በምትገኘው ሚናማታ ያነሣው ይህ ፎቶግራፍ ዓለም ስለ ሜርኩሪ መርዝ ያለውን ግንዛቤ ከብዙ ጥናቶች በላይ ቀርጾታል። በአንድሩ ሌቪታስ አዘጋጅነት ተሠርቶ በ2020 በበርሊን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ሚናማታ» ፊልምም ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚጓዘው ወደዚሁ ፎቶግራፍ ነው።

የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረው በኒው ዮርክ ነው። በጆኒ ዴፕ የተወከለው ስሚዝ ጠጪ፣ ባለዕዳ፣ ከልጆቹ የተራራቀ፣ በሙያው ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆኖ ይቀርባል። አይሊን የተባለች ወጣት ወደ ሚናማታ እንዲሄድ ትገፋፋዋለች፤ እርሱም እዚያ ደርሶ የሕዝቡን ስቃይ ሲያይ ራሱን መልሶ ያገኛል። ዴፕ ከለመደው ጌጠኛ አተዋወን ተቆጥቦ የደከመ ገላና የጎረነነ ድምፅ ይዞ መቅረቡ ያስመሰግነዋል። የርዩዊቺ ሳካሞቶ ሙዚቃም ከብዙዎቹ ትዕይንቶች የተሻለ ነው፤ ማልቀስ ሲገባው እንኳ ዝም ማለት ያውቃል። ስሚዝ በሽታው ላጎሳቆለው ልጅ ካሜራውን አሳልፎ የሚሰጥበት ትዕይንት ደግሞ ለአፍታም ቢሆን ፊልሙ ማን ተመልካች፣ ማን ታዛቢ እንደሆነ የሚጠይቅበት ነው።

ጥያቄው ግን ከዚያ አያልፍም። ፊልሙ የቺሶ ኩባንያን ወንጀል የሚያጋልጠውን ማስረጃ እንዲያገኝ ያደረገው ፎቶግራፍ አንሺውን ነው፤ ስሚዝና ጓደኞቹ ተደብቀው ወደ ኩባንያው ሆስፒታል ይገባሉ፣ በድመቶች ላይ የተደረገውን ሙከራ የሚያሳይ ሰነድ ያገኛሉ። እውነቱ ከዚህ የከበደ ነበር። ፋብሪካው ከ1932 እስከ 1968 አሴታልዴሃይድ ሲያመርት ሜርኩሪን በአነቃቂነት ተጠቅሞ ዝቃጩን ወደ ባሕር ይለቅቅ ነበር። በ1956 በሽታውን ለመንግሥት ያስታወቁት የኩባንያው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ በ1959 የፋብሪካውን ዝቃጭ ከምግብ ጋር ቀላቅለው ለአንዲት ድመት አበሉ። በቁጥር 400 የምትታወቀው ይህች ድመት እንደ ሰዎቹ ተንቀጠቀጠች፣ ተንገዳገደች። ኩባንያው ውጤቱ እንዲነገር አልፈቀደም፤ ሐኪሙም ዝም አሉ። ዝምታቸውን የሰበሩት በ1970 በካንሰር አልጋ ላይ ሆነው ለፍርድ ቤት ቃላቸውን ሲሰጡ ነው፤ በዚያው ዓመት አረፉ። ዐሥራ አንድ ዓመት የታፈነ የሐኪም ኅሊና ለድራማ የማይመች ሆኖ ይሆን? የውጭ አገር ሰው ተደብቆ ገብቶ ሰነድ ማግኘቱ ከዚህ ይበልጣል ብሎ ማሰብ የአዘጋጁን ድፍረት ሳይሆን ስንፍናውን ያሳያል።

ትልቁ ጉድለት ግን ከዚህም የጠለቀ ነው። ፊልሙ የገንዳዋን ልጅ ያሳየናል እንጂ፣ ልጅቱ ዓሣ ሳትበላ እንዴት እንደተመረዘች የታወቀበትን መንገድ ታሪኩ አላደረገውም። ያ መንገድ ደግሞ ከሚናማታ ታሪክ ሁሉ እጅግ አስደናቂው ነው።

በ1961 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ሐኪም የነበሩት ማሳዙሚ ሃራዳ በአንድ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ሁለት ወንድማማቾችን ያገኛሉ። የታላቁ በሽታ የሚናማታ በሽታ ተብሏል፤ የታናሹ ግን በወሊድ አካባቢ የደረሰ የአንጎል ጉዳት ተብሎ ተመዝግቧል፤ ምክንያቱም ታናሹ በሽታው ሲጀምረው ዓሣ በልቶ አያውቅም። እናትየዋ ይህን አልተቀበለችም። ሁለቱም የታመሙት አንድ ዓይነት ሕመም መሆኑን፣ ዓሣውን የበላችው ታናሹን አርግዛ ሳለች እርሷ ራሷ መሆኗን ለሐኪሙ ነገረችው። በዚያን ጊዜ ሕክምና የሚያስተምረው የእንግዴ ልጅ ፅንስን ከመርዝ የሚከልል አጥር መሆኑን ነበር። የሃራዳ ታላቅነት የመጽሐፉን ትምህርት ትተው የእናትየዋን ቃል መከተላቸው ነው። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ በመንደሮቹ የተወለዱትን ልጆች አንድ በአንድ መረመሩ፤ ምልክታቸው ተመሳሳይ፣ የትውልድ ዘመናቸውም የተቀራረበ ሆኖ አገኙት። በ1962 ከልጆቹ አንዷ ሞታ አስከሬኗ ሲመረመር ጥርጣሬው ተረጋገጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ 16 ልጆች በማኅፀን ሳሉ የተመረዙ መሆናቸው በይፋ ታወቀ።

ዛሬ አሠራሩ ይታወቃል። ሜቲል ሜርኩሪ በሰውነት ውስጥ ከፕሮቲን ማነጫ ጋር ተጣምሮ ምግብ መስሎ ያልፋል፤ የእንግዴ ልጅም ሊያግደው ይቅርና በሩን ይከፍትለታል። በእትብት ደም ውስጥ ያለው መጠን በአማካይ ከእናትየዋ ደም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። እናቲቱ ደኅና መስላ ልጇ የሚጎዳውም ስለዚህ ነው።

ማስረጃው ግን ከየት ይምጣ? መርዙ በተለቀቀባቸው ዓመታት የእርጉዞችን ደም የለካ አልነበረም። ጃፓናውያን የሕፃን እትብት ደርቆ ሲወድቅ በትንሽ ሣጥን ውስጥ አኑረው የማስቀመጥ ልማድ አላቸው። ሃራዳና የሥራ ባልደረባቸው እነዚህን እትብቶች ከየቤቱ ሰብስበው በውስጣቸው የቀረውን ሜቲል ሜርኩሪ ለኩ፤ ውጤቱም በ1975 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ወጣ። በእትብቶቹ የተገኘው መጠን የፋብሪካው ምርት ሲጨምር የጨመረ፣ ሲቀንስ የቀነሰ ነበር። በአማርኛ የሰው አገሩ እትብቱ የተቀበረበት ነው ይባላል፤ በሚናማታ ሳይቀበር በመሳቢያ የተቀመጠው እትብት የአገሪቱን ኃጢአት ከዓመት ዓመት መዝግቦ ተገኘ። ለአንድ የፊልም አዘጋጅ ከዚህ የሚበልጥ ምስል ከወዴት ይመጣል?

ፊልሙ በዚህ ፈንታ ገንዳውን መረጠ። ትዕይንቱ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ እናቲቱም በክብር ትታያለች። ነገር ግን አይሊን ስሚዝ የፎቶግራፉን ነገር የመወሰን መብት በ1998 ለልጅቱ ወላጆች መልሳ ነበር፤ ልጅቱ በ1977 ካረፈች በኋላ ወላጆቿ ዕረፍት እንድታገኝ ፈልገዋልና። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ቅጽበት በተዋንያን መልሶ መሥራት ሕግ ባይከለክለውም ይሉኝታ ሊያስጠይቀው የሚገባ ነበር። ወላጆቿ ልጃቸውን ሀብታችን ይሏት ነበር፤ መርዙን ሁሉ በራሷ ወስዳ እናቷንና ከእርሷ በኋላ የተወለዱትን ታናናሾቿን አድናለች ብለው ያምኑ ነበርና። ፊልሙ ስቃዩን እንጂ ይህን የምስጋና ስም ሊሸከም አልቻለም።

ይህ ስም ከቅድመ ወሊድ ምርመራ ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በ1965 በኒጋታ፣ በአጋኖ ወንዝ ዳር፣ ከሌላ ፋብሪካ በወጣ ሜርኩሪ ሁለተኛው የሚናማታ በሽታ ሲከሠት ባለ ሥልጣናት ከመጀመሪያው ተምረው ነበር። የሴቶቹን ፀጉር መረመሩ፤ በሚሊዮን 50 እጅና ከዚያ በላይ ሜርኩሪ የተገኘባቸውን እንዳያረግዙ መከሯቸው። በኒጋታ በይፋ የተመዘገበው በማኅፀን የተመረዘ ልጅ አንድ ብቻ ነው። ቁጥሩ የሕክምና ድል ይመስላል። ሃራዳ ግን በኋለኛ ዘመናቸው በዚህ ቁጥር አልተደሰቱም፤ በሚናማታ ሀብት የተባለው ልጅ በኒጋታ እንዳይመጣ የተከለከለ ሆኗልና። ወንዙን የበከለው ፋብሪካ ሳለ እንዳትወልድ የተነገራት ሴቲቱ ነበረች። ምርመራው ልክ ነው፤ ሸክሙን የጫነው ግን በማን ላይ ነው?

ጥያቄው የሩቅ ምሥራቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በታንዛኒያ ጌይታና በኬንያ ሚጎሪ ወርቅ የሚያወጡ ባህላዊ ማዕድን ሠራተኞች ወርቁን በሜርኩሪ አጣምረው ያነጥሩታል፤ በእሳት ሲያተኑት ጭሱን የሚተነፍሱት ሰዎች መካከል እርጉዞች አሉ፤ ይህም ጭስ የእንግዴን ልጅ ያልፋል። ቆዳ ያቀላል የተባለለትና ሜርኩሪ የተጨመረበት ሳሙናና ቅባትም በቀጠናው ገበያዎች ሲሸጥ ኖሯል። በተለመደው የእርግዝና ክትትል ግፊት ይለካል፣ ደም ማነስ፣ ቂጥኝና ኤች.አይ.ቪ. ይመረመራል፤ ሜርኩሪ ግን አይለካም። በሌላ በኩል ዓሣን በጅምላ መኮነንም ስሕተት ነው። በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው ሲሸልስ በ1989 የተጀመረውና 779 እናቶችንና ልጆቻቸውን የተከታተለው ጥናት፣ በሳምንት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል የባሕር ዓሣ በሚበሉ እናቶች ልጆች ላይ ወጥ የሆነ ጉዳት አላገኘም፤ የዓሣ ነባሪ ሥጋ በሚበላባቸው የፋሮ ደሴቶች የተደረገው ጥናት ግን በቋንቋ፣ በማስታወስና በትኩረት ችሎታ ላይ ጉዳት አሳይቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክር ተመራማሪዎችን ለዓመታት አድክሟል።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ በ1973 የተገኘውን የፍርድ ድል ካሳየ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች የደረሱ የብክለት አደጋዎችን ምስሎች በፍጥነት ያሳልፋል። ተመልካቹ አንድ ታሪክ እንዳለቀና ብዙ ሌሎች እንዳሉ ተሰምቶት ይወጣል። የሚናማታው ግን አላለቀም። በ1962 ልጆች የነበሩት፣ በሕይወት ያሉት፣ ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ ነው። ግንቦት 1 ቀን 2024 በከተማይቱ በተደረገው የመታሰቢያ ቀን የተጎጂዎች ተወካዮች ከጃፓን የአካባቢ ሚኒስትር ጋር ተገናኝተው ነበር። ለእያንዳንዱ የተመደበው ሦስት ደቂቃ ነበር። አንድ አዛውንት ስለ ሞተች ሚስታቸው እየተናገሩ ሳለ ጊዜው አልቋል ተባለና የሚኒስቴሩ ሠራተኞች ማይክሮፎኑን ዘጉት። ሚኒስትሩ ከሳምንት በኋላ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ሚናማታ ተመልሰው ሄዱ።