የሕግ ተማሪዎች የተግባር ልምምድና የመንግሥት የፍትሐ ብሔር ክርክር፤ የራያ ቆላ ምሳሌ

ከ1998 ዓ.ም. የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በፍትሕ መሥሪያ ቤቶች እንዲለማመድ መደረጉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ልምምዱ የሚመዘነው ተማሪው በተገኘባቸው ቀናት ብዛት ከሆነ ዓላማውን ይስታል።

ቆቦን እንመልከት። በራያ ቆላ የማሽላው ምርት ከምዕራቡ ደጋ በሚወርደው ጎርፍ ጭምር ስለሚወሰን ከዓመት ዓመት ይለያያል። መሬቱ ለመንገድ ወይም ለመስኖ ሥራ የተወሰደበት ገበሬ መሥሪያ ቤቱን ሲከስ ዐቢዩ ጭብጥ የካሣው ስሌት ነው። ምትክ መሬት ሳያገኝ በዘላቂነት ለሚነሣ ባለይዞታ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመቱን አማካይ ገቢ በዐሥር ያበዛ ነበር፤ እርሱን የሻረው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በዐሥራ አምስት ያበዛል። እንግዲህ ድርቅ የመታው አንድ ዓመት በፊተኛው ስሌት ካሣውን ይቀንስ ነበር፤ በኋለኛው ግን ከሦስቱ ደህና ዓመት እስካለ ድረስ አይቀንስም።

ይህን ያልመረመረ ተማሪ ከዐቃቤ ሕጉ መዝገብ የሚቀስመው፣ ገበሬው አስቀድሞ ለአቤቱታ ሰሚው አካል አላመለከተም ብሎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መቃወሚያ ማንሣትን ብቻ ይሆናል። መቃወሚያው ሕጋዊ ነው፤ ጥያቄያችን ከዚያ ወዲያ ነው። ስሌቱ የተሳሳተ እንደሆነ መሥሪያ ቤቱ በቁጥር 274 መሠረት እንዲስማማ የሚመክር የሕግ ሰው ከየት ይገኛል?

ስለዚህ ተማሪው ከመከላከያ መልሱ ረቂቅ ጋር ካሣውን ራሱ ያሰላበትን ማስታወሻ፣ የተከራካሪዎቹን ስም ሰርዞ፣ ለመምህሩ እንዲያቀርብ ቢደረግ ነጥብ መስጫው እርሱ ይሆናል።