ሳቅና ንቀት፤ ስለ ክሪስቶፈር ጌስት ፊልሞች

ባለፈው ክረምት የልጄ ልጅ «አባባ፣ ይህን ይመልከቱ፤ ይስቃሉ» ብሎ አንድ ፊልም አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ ሳቅሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ዝም አልሁ። ስለዚህም ዝምታ በኋላ እናገራለሁ።

የፊልሙ አዘጋጅ ሚስተር ክሪስቶፈር ጌስት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1948 በኒው ዮርክ ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ባሮን ስለ ነበሩ ማዕረጉን ወርሰው የ1999 ሕግ እስኪያግዳቸው ድረስ በሎርዶች ምክር ቤት መቀመጫ ነበራቸው። ይህን የምጠቅሰው ለማዕረጉ ብዬ አይደለም፤ ሎርድ የሆነ ሰው ዕድሜውን የትንንሽ ሰዎችን ትልቅ ምኞት ሲመለከት መኖሩ ስለሚያስገርመኝ ነው።

ፊልሞቻቸው ዘጋቢ ፊልም ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁሉም ፈጠራ ነው። መንገዱን የተማሩት በሮብ ራይነር አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» ውስጥ ጊታር መቺ ሆነው ሲጫወቱ ነው። በኋላ ራሳቸው አዘጋጅ ሲሆኑ፣ ከዩጂን ሌቪ ጋር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ሰው የኋላ ታሪክና በየትዕይንቱ የሚደርሰውን ነገር ይጽፋሉ፤ የሚነገረውን ቃል ግን አይጽፉም። ተዋንያኑ ቃሉን ካሜራው ፊት ከአፋቸው እንደ መጣ ይናገራሉ። ከዚያም በብዙ አሥር ሰዓቶች የሚቆጠረው ቀረጻ ለወራት ሲቆረጥና ሲቀጠል ቆይቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀራል። ይህን የሰማ ወጣት «እንግዲያው ዝግጅት አያስፈልግም» እንዳይል እለምነዋለሁ። አዝማሪም ግጥሙን በድንገት ያፈልቃል፤ ቅኝቱን ግን ቀደም ብሎ ያውቃል።

ያ ያየሁት ፊልም እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው «ዌይቲንግ ፎር ጋፍማን»፣ ማለትም «ጋፍማንን ስንጠብቅ» የተባለው ነው። ብሌን የምትባል በሚዙሪ ያለች የፈጠራ ከተማ የተቈረቈረችበትን 150ኛ ዓመት ለማክበር በታሪኳ ላይ ቴአትር ታሰናዳለች። መሪው ኮርኪ የሚባል፣ ኒው ዮርክ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነው፤ እርሱን ሆነው የሚጫወቱትም ራሳቸው ጌስት ናቸው። ተጫዋቾቹ የከተማው የጥርስ ሐኪም፣ የጉዞ ወኪል የሆኑ ባልና ሚስት፣ አይስክሬም ሻጭ የሆነች ልጃገረድና የመሳሰሉት ናቸው። ጋፍማን የሚባል ትልቅ ሰው ከብሮድዌይ መጥቶ ሊያያቸው ነው የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ሁሉም ልባቸው ተነሣ። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ተጠበቀለት። ቴአትሩ ሲጀመር ወንበሩ ባዶ ነው። ኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሲቀመጥበት የሁሉም ፊት ያበራል። ነገር ግን ያ ሰው ጋፍማን አልነበረም፤ የዘመዱን አራስ ልጅ ሊጠይቅ ከሌላ አገር የመጣ መንገደኛ ነበር።

ጌስት በገጠር ሰው ያሾፋሉ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የሚያሾፍ ሰው ከሁሉ የሚያስቀውን ቦታ ለራሱ አይወስድም። ደግሞም ልብ በሉ፤ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የከተማው ሕዝብ እያጨበጨበ ነበር። ተጫዋቾቹ ግን ልባቸው በአንድ ወንበር ላይ ነበረና ያን ጭብጨባ አልቈጠሩትም።

እኔም በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር ለዓመቱ መዝጊያ ቴአትር አሰናድቼ ነበር። አንድ ባለሥልጣን ይመጣሉ ስለ ተባለ ምንጣፍ የለበሰ ወንበር ከፊት አኖርን፤ ሕዝቡንም ከሁለት ሰዓት በላይ በፀሐይ አስጠበቅን። አልመጡም። ልጆቹ ሲጫወቱ እኔ መንገድ መንገዱን አይ ነበር። ከሩቅ በእግሯ የመጣች አንዲት እናት በኋላ ቀርባ «መምህር፣ ልጄ እንዴት ሆነልዎ?» ብትለኝ «ደኅና አድርጎ ተጫወተ» አልኋት። ልጁን አላየሁትም ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ዝም ያልሁት ስለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ቤስት ኢን ሾው» በፊላደልፊያ ስለሚደረግ የውሾች ውድድር ነው። በዚህ ፊልም ጌሪ የሚባለው ሰው ሁለቱም እግሮቹ የግራ ሆነው የተወለደ ነው፤ የሆቴል መክፈያም አጥቶ ከሚስቱ ጋር በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ያድራል። ሚስቱ ጉልበቷን በተጎዳች ጊዜ ውሻዋን በእነዚያ እግሮቹ እየመራ ወጥቶ ያሸንፋል። ስንስቅበት የቈየነው እግር በመጨረሻ የምንጸልይለት እግር ይሆናል። በዚሁ ፊልም ስለ ጠፋ የውሻ መጫወቻ የሚጯጯሁት ባልና ሚስት ግን ከጩኸት በቀር ምንም አልተሰጣቸውም፤ ይህን እንደ ጉድለት እቈጥረዋለሁ። የልጄ ልጅ ከሁሉ ይልቅ ያሳቀው እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። ስለ ውሻ አንዳች ሳያውቅ ያለማቋረጥ የሚለፈልፈውን የውድድር ተንታኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ያረፉትን ፍሬድ ዊላርድን በተመለከተ ግን ሁለታችንም ተስማምተናል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው «ኤ ማይቲ ዊንድ» ቀድሞ ይዋደዱ የነበሩ ሁለት ዘፋኞች ከብዙ ዘመን በኋላ አብረው ይዘፍናሉ። በዘፈናቸው መካከል ድሮ ይሳሳሙ ነበር፤ አሁንስ? ዩጂን ሌቪና ካትሪን ኦሃራ ያን አንድ ቅጽበት የያዙበት ጥንቃቄ ቀልድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዘፈኑንም በገዛ ድምፃቸው ነው የዘፈኑት፤ በ2004 ለኦስካር ታጭቶ ነበር። የ2006ቱና የ2016ቱ ፊልሞች ከእነዚህ ያንሳሉ፤ የቀደመውን መንገድ ያውቃሉ፣ ሰዎቹን ግን እንደ ቀድሞው አይወዷቸውም።

ወደ ብሌን ልመለስና፤ ቴአትሩ ካለፈ በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ሥራውን ትቶ ወደ ማያሚ ይሄዳል፤ በዚያም ለአረጋውያን ይዘፍናል። ድምፁ ከድሮው አልተሻለም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ እርሱም አሁን የሚያየው እነርሱን ነው።